ዝንቧ ሥጋው እስኪሸት አትጠብቅም፦ የታደኑ ወፎችን ከዝንብ ስለመጠበቅ ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የአደን ወዳጄ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። በሙቀት ወራት የታደኑ ወፎችን ከዝንብ ስለመጠበቅ የሚያወራ ነው። ከሥሩ «አንብበው፣ ይጠቅምሃል» ብሎበታል። አነበብኩት። ደገምኩት። ከዚያ ደወልኩለትና «ይህን ነገር ሞክረኸው እንዳይሆን» አልኩት። ዝም አለ። ለካ ግማሽ ኪሎ ቁንዶ በርበሬ ገዝቶ ጨርሷል።

ጸሐፊው ክፉ አላሰቡም። አጻጻፋቸው ያምራል፤ ልክ የሆነ ምክርም አላቸው፣ እሱን ስደርስበት ልክ ነው እላለሁ። ችግሩ አነሳሳቸው ላይ ነው። ነገሩን ሁሉ የሽታ ጦርነት አድርገውታል። ምን ብንነሰንስ፣ ምን ብንረጭ፣ ምን ብናጨስ ዝንቧ ትሸሻለች ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ከብዙ ኪሳራ በኋላ የገባኝ ሌላ ነው። ዝንቧ የምትገባበትን በር መዝጋት፣ ከወፏ ውስጥ ሙቀቱን ማውጣት። ሁለቱ በአንድ ላይ ካልሄዱ የቀረው ልፋት ብቻ ነው። ቃላቸውን እየጠቀስኩ በየተራ ልሂድበት።

«ዝንብ የሚመጣው ሥጋው መሽተት ሲጀምር ነው። ስለዚህ ጠዋት ያደናችሁትን እስከ ማታ ድረስ ሳትጨነቁ መያዝ ትችላላችሁ።»

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይህች ናት። መሽተት ሲባል ለማን? ለእኛ አፍንጫ ከሆነ እውነት ነው፣ ማታም ላይሸተን ይችላል። ዝንቧ ግን የእኛን አፍንጫ አትዋስም። ሥጋ ላይ የምትጥለው፣ ያቺ ሆዷ እንደ ብረት ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚያብለጨልጨው ትልቋ ዝንብ፣ ሽታ የምትለየው በአንቴናዋ ነው። ትኩስ ደምና የተከፈተ ቁስል ይበቃታል። ሞቅ ባለ ቀን ወፏ መሬት በነካች በደቂቃዎች ውስጥ ትደርሳለች። ውሻው ወፏን አምጥቶ እጃችሁ ላይ ሳያስቀምጥ ዝንቧ ስታንዣብብ ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

ደግሞ የምትፈልገው ጥይቱ የበሳውን ቀዳዳ ብቻ አይደለም። ዐይን፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ምንቃር ውስጥ፣ ፊንጢጣ፣ ክንፍ ሥር፤ እርጥብና ጥላ ያለበት ሁሉ ይመቻታል። አንዷ ዝንብ በአንድ ጊዜ እስከ 200 የሚደርስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ነጭ ነው፤ ሩዝ ይመስላል፣ ግን በጣም ያነሰ፣ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ቢሆን ነው። እንደ ሙቀቱ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። እንግዲህ አስሉት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የወደቀች ወፍ ማታ 1 ሰዓት ላይ 12 ሰዓት ሞላት። በጣም በሞቀ ቀን «ሳትጨነቁ» የያዛችኋት ወፍ እቤት ስትደርስ ትል ይዛ ልትደርስ ትችላለች።

ሌላም አለች። ግራጫ ሆና ጀርባዋ ላይ ጥቁር መስመር ያላት የሥጋ ዝንብ። እሷ እንቁላል አትጥልም፤ የምትጥለው የተፈለፈለ ሕያው እጭ ነው። ስለዚህ «አገላብጬ አየሁ፣ እንቁላል የለበትም» ማለትም ዋስትና አይሆንም።

«ቁስሉ ላይ ቁንዶ በርበሬ ነስንሱበት። ዝንብ ዝር አይልም።»

ይህኛው የቆየ ዘዴ ነው፣ ጨርሶም ውሸት አይደለም። ትልልቅ እንስሳ የሚያድኑ ሰዎች ቆዳው የተገፈፈ ሥጋ ላይ ቁንዶ በርበሬ በደንብ ሲያለብሱ ዝንቧ ማረፍ ትቀንሳለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዝንብ የምትቀምሰው በእግሯ ነው፤ ያረፈችበት ቦታ የሚጣፍጣት እንዲሆን ትፈልጋለች። በርበሬው ደግሞ ላዩን ያደርቀዋል። ደረቅ ቦታ እንቁላል መጣል አትወድም።

ወፍ ግን የተገፈፈ ጭን አይደለችም። ላባ ለብሳለች። በርበሬው እርጥቡ ቁስል ላይ ይጣበቃል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይረግፋል። ዐይኗንስ? ምንቃሯን ከፍታችሁ ውስጡን ልትሞሉት ነው? ያልነሰነሳችሁበትን አንዲት ጥግ ዝንቧ አታጣትም፣ ሥራዋ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ቁንዶ በርበሬ ራሱ ብዙ ጊዜ የባክቴሪያ ዘር ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ሲበስል ችግር የለውም። ሞቃት፣ ጥሬና እርጥብ ቁስል ላይ ግን ጸሐፊው እንደሚሉት «ንጹሕ መከላከያ» ብዬ አልጠራውም።

ኮምጣጤ እርጩ የሚለውንም እዚሁ ልጨርሰው። የኮምጣጤ ሽታ ትንንሾቹን የፍራፍሬ ዝንቦች ይጠራል እንጂ አያባርርም። በሎሚ ላይ ያሉት ይሻላል። ሎሚን የሚያኮመጥጠውን ሲትሪክ አሲድ በውሃ በጥብጦ የተገፈፈ ሥጋ ላይ መርጨት ላዩን ያኮመጥጠዋል፣ ለባክቴሪያም ለዝንብም አይመችም። ግን እሱም ለተገፈፈ ሥጋ ነው። ላባ ላይ ረጫችሁ ማለት ላባ አረጠባችሁ ማለት ነው።

«ወዲያው በፌስታል ጠቅልላችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ። ዝንብ መግቢያ ካጣ ነገሩ አለቀ።»

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ነው። ምክንያቱም ይህ ምክር ግማሹ ልክ ስለሆነ ነው አደገኛ የሆነው። አዎ፣ ዝንብ አይገባም። ግን ምን አይወጣም?

በሕይወት ያለች ወፍ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ከእኛ በ4 ዲግሪ ይበልጣል። ከሞተች በኋላ ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ላባዋ ደግሞ ሙቀት እንዲይዝ የተሠራ ነው። እሱ ላይ ፌስታል ሲጨመር፣ ላዩ ላይ ደግሞ ሌላ አምስት ወፍ ሲከመር ምን እንደሚሆን አስቡት። ሙቀቱም እርጥበቱም እዚያው ይቀራል። ባክቴሪያ በ5 እና በ60 ዲግሪ መካከል ነው በፍጥነት የሚራባው። ሁሉ ነገር ከተመቸው አንዳንዱ ዓይነት በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሂሳብ አንዲት ባክቴሪያ በ4 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 በላይ ትሆናለች። ዝንብን ውጭ አስቀርታችሁ የባሰውን ውስጥ ቀለባችሁ ማለት ነው።

ይህን የማውቀው በመጽሐፍ አይደለም። አንድ ጊዜ ዘጠኝ ወፍ በሁለት ፌስታል አስሬ የመኪናው ኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አስገባሁ። ኩራቴ ይህን ያህል አይባልም። አንዲት ዝንብ አላረፈችባቸውማ። ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ፌስታሉን ስፈታ ግን እጄን ያገኘው እንፋሎት ነው። ከታች የነበሩት አራቱ ሆዳቸው አካባቢ ቆዳቸው አረንጓዴ መሆን ጀምሯል። ሽታውን አልነግራችሁም። በነገራችን ላይ ከዘጠኙ አንዷ ክንፏ ሥር እንቁላል ነበረባት። ከመታሰሯ በፊት ዝንቧ ሥራዋን ጨርሳ ሄዳለች። ፌስታሉ ለእንቁላሉ የሞቀ ክፍል ሆነለት።

ጸሐፊው ፌስታልን ትተው ቢያንስ «ወፎቹን አትከምሩ» ቢሉ ኖሮ ግማሹን ስህተታቸውን እምርላቸው ነበር። በሞቃት ቀን ወፍ ከወፍ መነካካት የለባትም። በአንገቷ ታንጠልጥላ፣ በጥላ፣ ነፋስ እየነካት ብትሄድ በጣም ይሻላል። ነፋሱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሙቀቱን ይወስዳል፣ ዝንቧንም ያስቸግራታል። ነፋስ እየመታት ማረፍ ይከብዳታል። ማታ መጋዘን ውስጥ የምታስቀምጡም ብትሆኑ ተራ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከማንኛውም ቅባት የበለጠ ይጠቅማል።

ፌስታል ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ወፏ ከቀዘቀዘች በኋላ፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ስትገባ እንዳትረጥብ ፌስታል ያስፈልጋታል። ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው።

«ከተቻለ ወንዝ ውስጥ ነክራችሁ አውጡ፤ ደሙ ይታጠባል፣ ሙቀቱም ይወጣል።»

አይሆንም። የረጠበ ላባ ቶሎ አይደርቅም። እርጥበት ደግሞ ዝንብም ባክቴሪያም የሚወዱት ነገር ነው። የወንዙ ውሃ በቁስሉ በኩል ውስጥ ይገባል፣ ይዞ የሚገባውን አታውቁም። ደሙን በደረቅ ወረቀት ወይም በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ በቂ ነው።

«የወፎቹን ከረጢት ከውጭ በኩል ፍሊት እርጩበት።»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጨርቅ ይመጥጣል፣ ያሳልፋል። ከውጭ የተረጨው መርዝ ውስጥ ያለው ላባና ቁስል ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ እናንተ ጋ ይመጣል። ጣሳው ላይ ያለውን አንብቡት፤ ምግብ ካለ ሸፍኑ ወይም አንሱ ነው የሚለው። ወፏ ደግሞ ምግብ ናት፤ ካልሆነችማ ለምን ተኮስንባት? ይህችን መስመር ጸሐፊው ከጽሑፋቸው ቢያወጧት ደስ ይለኛል። ሌላው ላይ ብንከራከርም።

«እዚያው ሜዳ ላይ ላባውን ነጭታችሁ፣ ሆድ ዕቃውን አውጡ።»

ይህን ሁለት ቦታ እከፍለዋለሁ። ላባ መንጨቱን ተዉት። ላባ ወፏ ይዛው የመጣችው ጋሻ ነው። ዝንቧ ድፍን ላባ በለበሰ ደረት ላይ ብዙም አትደክምም፤ የምትሮጠው ወደ ቀዳዳዎቹ ነው። ላባውን ስትነጩ መላ ሰውነቷን እርጥብ ቆዳ ታደርጉታላችሁ። የምትጠብቁት አምስት ስድስት ቦታ ነበር፣ አሁን ሁሉም ሆነ።

ሆድ ዕቃ ማውጣት ግን እንደ ሁኔታው ነው። ማውጣቱ ሙቀት በፍጥነት ይቀንሳል። በተለይ ጥይቱ አንጀቷን በስቶት ከሆነ፣ የፈሰሰው ነገር ሥጋውን ቶሎ ያበላሸዋልና አለመጠበቅ ጥሩ ነው። እኔ የምለው በረዶ አጠገባችሁ ካለ አውጡ፣ ከሌለ አትክፈቱ። ከፍታችሁ በሞቃት አየር ላይ ተሸክማችሁ ከዞራችሁ ለዝንብ ከሁሉ የተመቸውን ቦታ፣ እርጥብና ጨለማ የሆነ ጓዳ፣ በገዛ እጃችሁ ሠራችሁላት። ጸሐፊው ስለ በረዶ አንድ ቃል ሳይናገሩ «አውጡ» ማለታቸው ነው ያልገባኝ።

ስለ በረዶ ካነሳሁ አይቀር፣ እኔ የተፈጨ በረዶ መጠቀም ትቻለሁ። ይቀልጥና ወፎቹ ውሃ ውስጥ ይዋኛሉ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልቼ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬው ይዤ እሄዳለሁ። ሳጥኑ ሥር ጠርሙሶቹ፣ ከላያቸው ወፎቹ። ቢቀልጥም ውሃው እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ነው። ጠጥቼውም አውቃለሁ።

«ቀጭን ጨርቅ ጣል አድርጉባቸው።»

እዚህ ጋ ከጸሐፊው ጋር ልስማማ ነበር። «ጣል» የምትለዋ ቃል ናት ያስቸገረችኝ።

ጨርቅ የሁሉም ነገር ቁልፍ እንደሆነ ከታወቀ ከ350 ዓመት በላይ ሆኗል። ፍራንቼስኮ ሬዲ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1668 ያሳተመው ሙከራ አለ። በዚያን ጊዜ ትል ከሥጋው ከራሱ ይፈጠራል ብለው የሚያምኑ ብዙ ነበሩ። ሬዲ ሥጋ በዕቃዎች ውስጥ አስቀመጠ። አንዳንዱን ክፍት ተወው፣ አንዳንዱን ዘጋው፣ አንዳንዱን ደግሞ አየር በሚያስገባ ስስ ጨርቅ ሸፈነው። ክፍቱ ተላ። የተሸፈነው ሥጋ አልተላም። ዝንቦቹ ግን ሽታው ጠርቷቸው መጥተው ነበር፣ የጣሉትም ጨርቁ ላይ ነው። ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም የሚለው ተረታችን በሙከራ ተረጋገጠ ማለት ነው።

አሁን ይህችን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዝንቦቹ ጨርቁ ላይ ጥለዋል። የሬዲ ጨርቅ ከሥጋው ራቅ ብሎ ተወጥሮ ነበር። ወፍ ላይ «ጣል» የተደረገ ጨርቅ ግን ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። ዝንቧ ከላይ ሆና በጨርቁ ቀዳዳ ትጥላለች፣ ወይም የተፈለፈለችው ትል ሁለት ሚሊሜትር ተጉዛ ሥጋው ውስጥ ትገባለች። ደም የነካው ጨርቅ ደግሞ ራሱ መጥሪያ ነው። ስለዚህ ጨርቁ መወጠር አለበት። እኔ የማደርገው ቀላል ነው። አሮጌ አጎበር በከረጢት መልክ ሰፍቻለሁ። ውስጡ ላይና ታች ሁለት የሽቦ ቀለበት አለው። ወፎቹ መሐሉ ላይ በአንገታቸው ተንጠልጥለው እርስ በርስም ከአጎበሩም አይነካኩም። አየር እንደ ልብ ይገባል፣ ሙቀት ይወጣል፣ ዝንብ ወይ ፍንክች።

አፉን ከማሰሬ በፊት ግን እያንዳንዷን ወፍ አገላብጬ አያለሁ። ዐይን፣ ምንቃር፣ ፊንጢጣ፣ ክንፍ ሥር፣ ቁስል። አንዲት ዝንብ ውስጥ ከታሰረች ከረጢቱ ለእሷ የግል ምግብ ቤት ነው። ማንም አይረብሻትም።

«በጥላ ውስጥ ሦስት ቀን ሰቅላችሁ አቆዩት፤ ሥጋው ይለሰልሳል።»

ማቆየት ሥጋ ያለሰልሳል፣ ጣዕምም ይጨምራል። ግን ይህ ልማድ የመጣው ቀዝቃዛ ወቅት ላይ ከሚያድኑ ሰዎች ነው። እነሱ የሚሰቅሉት በ10 ወይም በ12 ዲግሪ ቦታ ነው። በዚያ ሙቀት ዝንብ ራሷ ተኮራምታ ተቀምጣለች። ጥላ ማለት ብርድ ማለት አይደለም። 28 ዲግሪ በጥላ ውስጥም 28 ዲግሪ ነው። በሙቀት ወራት ማቆየት የፈለገ ፍሪጅ ውስጥ ያቆይ፣ እዚያም ይለሰልሳል። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ንጽሕና ደንብ ቁጥር 853/2004 ለገበያ የሚቀርብ ትንንሽ የታደነ እንስሳ ከ4 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይላል። ለገዛ ቤታችሁም ከዚያ የተሻለ ቁጥር አላውቅም።

«እንቁላል ካያችሁ ወፏን ጣሏት። ትል ካያችሁ ግን ታጥቦ በደንብ ከበሰለ አይጎዳም።»

ይህን ሳነብ ተገልብጦ የታተመ መስሎኝ ነበር። አዲስ የተጣለ እንቁላል ላባ ላይ ወይም ዐይን ላይ ቢገኝ ወፏን ለመጣል አያበቃም። ጭንቅላቱን ቁረጡ፣ የነካውን ላባና ቆዳ አንሱ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ቦታ አስገቡ። እንቁላሉ ገና ሥጋውን አልነካውም። ትል ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትል ካለ ወፏ ብዙ ሰዓት ሞቃት ቦታ ቆይታለች ማለት ነው። ትሉን እሳት ይገድለዋል፣ እውነት ነው። ግን ባክቴሪያ በነዚያ ሰዓታት ውስጥ መርዝ ትቶ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዱ መርዝ ደግሞ ቢፈላም አይጠፋም። እጠቡት ማለት ምስክሩን ማባረር ነው። ሥጋ ውስጥ የገባ ትል ያየሁባትን ወፍ እኔ እቀብራለሁ። ያሳዝናል፣ ግን ጥፋቱ የወፏ አይደለም።

አንድ ሙሉ በሙሉ የምስማማበት ነገር ቀርቷል። ጸሐፊው በጣም በሞቀ ቀን ጥቂት አድናችሁ ቶሎ ተመለሱ ብለዋል። ከጽሑፉ ሁሉ ምርጡ ይህ ነው። እንደ አጋጣሚ አንዲት መስመር ብቻ ሰጥተው አለፉት። እኔ ብሆን ርዕስ አደርገው ነበር። ሳጥናችሁ ስድስት ወፍ ሳይነካኩ የሚይዝ ከሆነ ሰባተኛዋን አትተኩሱ። ፀሐይ ከመክረሯ በፊትም ወደ መኪናው ተመለሱ።

ወዳጄ ትናንት እንደገና ደውሎ ነበር። አጎበር አግኝቷል። የሚስቱ ስለሆነ ለጊዜው ጉዳዩን በዝምታ ይዞታል። ሽቦውን እንዴት እንደማስገባ፣ ቀለበቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እጄ ላይ ያለውን ለክቼ 40 አልኩት። ከዚያ ትንሽ ዝም አለና፣ «ግማሽ ኪሎው ቁንዶ በርበሬስ?» አለኝ።

«ወፏ ላይ ነስንሰው» አልኩት፣ «ድስቱ ውስጥ ስትገባ።»